በውርስ ያገኙትን የቤተሰብ ቤት እንዴት ይሸጣሉ? ከሞት ምዝገባ እስከ ስመ ሀብት ዝውውር

በውርስ የተገኘ ቤት ሽያጭ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ከወረቀቱ ቀድሞ ሲመጣ ነው። ደላላው ደህና ዋጋ ይዞ ይመጣል፣ ከወራሾቹ አንዱ ቀብድ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ካርታው አሁንም በሟች አባት ስም መሆኑ፣ ውጭ አገር ያለችው እህት ውክልና አለመላኳ ወይም ማንም ያልጠራው ሌላ ልጅ መኖሩ ይታወቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የአንድ ሰው ችኮላ በዚህ መንገድ የቤተሰብ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ ደረጃ 7 ሳይጠናቀቅ ከማንም ገንዘብ አይቀበሉ።

መመሪያው የተዘጋጀው አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገኝ መኖሪያ ቤት ነው። በክልል ከተሞች የውርስ ሕጉ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ማመልከቻው በአካባቢው ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የካርታው ሥራ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ ይፈጸማል። የገጠር መሬት በሌላ ሕግ ስለሚመራ እዚህ አልተካተተም።

ደረጃ 1፦ ቤቱ የሚወረስና የሚሸጥ መሆኑን ያረጋግጡ

ወላጆችዎ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ሁሉ የእነሱ ሀብት ነበር ማለት አይደለም። የቀበሌ ቤት ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚያከራየው ቤት ከሆነ ቤተሰቡ የነበረው የተከራይነት መብት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቤት መሸጥ አይቻልም፣ ለመሸጥ መሞከርም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያው ሥራ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን አግኝቶ የሚከተሉትን መመልከት ነው።

1. ካርታው በማን ስም ነው? በአባት፣ በእናት፣ በሁለቱም ወይስ ከዓመታት በፊት በሞቱት አያት ስም? በአያት ስም ከሆነ መጀመሪያ የአያትን ውርስ ማጣራት የግድ ነው። አንዱን ትውልድ ዘልሎ ማለፍ አይቻልም።

2. ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተገኘ) ነው ወይስ የሊዝ? በሊዝ ከሆነ የሊዝ ውሉንና የዓመታዊ ክፍያ ደረሰኞችን አብረው ይፈልጉ።

3. ቤቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው ስንት ቀርቷል? ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚያግደው ገደብ በውርስ መተላለፍን አይከለክልም፤ ሽያጭን ግን ይከለክላል። ስለዚህ ጊዜው ማለፉን ያረጋግጡ።

4. በካርታው ላይ የተጻፈው የቦታ ስፋትና በግቢው ውስጥ ያለው ግንባታ ይመሳሰላሉ? ያለፈቃድ የተቀጠለ ክፍል ወይም ከካርታው ውጭ የታጠረ ትርፍ ቦታ ካለ ጉዳዩ ስም ለማዛወር በሚሄዱበት ቀን መውጣቱ አይቀርም። አስቀድመው ይወቁት።

ካርታው ከጠፋ፦ በክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ያለውን ፋይል መሠረት አድርገው ምትክ ይጠይቁ። የይዞታ ቁጥሩን ካላወቁ የቆዩ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኞች ፋይሉን ለማግኘት ይረዳሉ፤ የወላጆችን አሮጌ ወረቀት እንዲሁ አይጣሉ። ቤቱ ጭራሹኑ ካርታ ያልወጣለት ሰነድ አልባ ይዞታ ከሆነ የሽያጩን ሐሳብ አቁመው መጀመሪያ የባለይዞታነት ጥያቄውን ያስወስኑ።

ደረጃ 2፦ ሞቱን ያስመዝግቡ፣ ሰነዶችን ያሰባስቡ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ስለ ንብረት መነጋገር የሚጀመረው ከአርባ ወይም ከሙት ዓመት በኋላ ስለሆነ ምዝገባው አብሮ ይዘገያል። ስለ ቤቱ መነጋገሩ ይቆይ፣ ለሐዘኑም ጊዜ ይሰጠው፤ ምዝገባውን ግን ከአርባ በፊት አንድ ሰው ወክላችሁ አስፈጽሙ።

የሚያስፈልጉት ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሟች መታወቂያ፣ የሟች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ወይም የትዳር ማስረጃ፣ የእያንዳንዱ ወራሽ የልደት ምስክር ወረቀትና የታደሰ መታወቂያ፣ ካርታው ከነቅጂው፣ እንዲሁም ኑዛዜ ካለ ዋናው ኑዛዜ።

ሞቱ ከብዙ ዓመት በፊት ሆኖ ካልተመዘገበ፦ የሆስፒታል ማስረጃ፣ የቀብር ቦታው የሆነው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሰጠው ወረቀት እና የእድር ማስረጃ ይዘው ወደ ወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ለፍርድ ቤቱም የሞቱን ጊዜና ቦታ የሚያውቁ ምስክሮችን ያዘጋጁ።

የስም ልዩነት ካለ፦ ይህን ንቀው አይለፉት። በካርታው ላይ «ወ/ማርያም»፣ በመታወቂያው ላይ «ወልደማርያም» የተባለ ሰው፣ ወይም በቤት መጠሪያ ስሟ ካርታ ያወጣች እናት፣ የመጨረሻውን ፊርማ የሚያስቆም ችግር ይፈጥራሉ። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በወራሽነት ማመልከቻው ውስጥ እንዲረጋገጥ ከመጀመሪያው ይጠይቁ፤ ኋላ ለብቻው ሌላ መዝገብ ከመክፈት ይህ እጅግ ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ወራሾቹን አንድም ሰው ሳያስቀሩ ይዘርዝሩ

ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረት ቅድሚያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ተተክተው የእሱን ድርሻ ይወስዳሉ። ሟች ልጅም የልጅ ልጅም ከሌላቸው ውርሱ ወደ አባትና እናታቸው ይሄዳል። ወንድና ሴት ልጅ እኩል ናቸው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ ከተወለደው አያንስም። የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ልጅ ይቆጠራል። የውጭ ዜግነት የያዘ ልጅ በዜግነቱ ምክንያት ከወራሽነት አይሰረዝም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ሲጽፉ ይህን ይጠይቁ፦ ከቀድሞ ትዳር የተወለደ ልጅ አለ? በወጣትነት ተወልዶ ሌላ አገር ያደገ ልጅ አለ? ልጆች ትቶ የሞተ ወንድም አለ? ጥያቄው ሊያሳፍር ወይም የቆየ ቁስል ሊነካ ይችላል፤ ቢሆንም መጠየቅ አለበት። ሆን ተብሎ የተተወ ወራሽ ከዓመታት በኋላም ቢሆን የወራሽነት ምስክር ወረቀቱ እንዲሰረዝ ለመጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤት ፊት እውነቱን እያወቁ በሐሰት መማል ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከሕግም አልፎ፣ የአባትን ልጅ ከአባቱ ቤት መሰረዝ ምንም ዓይነት ዋጋ የማይክሰው በደል ነው።

ኑዛዜ ካለ

በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ በመርሕ ደረጃ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ኑዛዜ ለመቀበል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በራሱ ጽሑፍ መሆንና ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። «አባቴ ሊሞት ሲል ቤቱን ለእኔ ሰጠኝ» የሚለው ክርክር ግን የትም አይደርስም፤ በቃል ኑዛዜ ከትንሽ ገንዘብ በላይ ማስተላለፍ አይቻልም፣ ሕጉ ለእያንዳንዱ ስጦታ ያስቀመጠው ጣሪያ 500 ብር ነው። ኑዛዜውን ደብቆ ማቆየት ለማንም አይጠቅም፤ ሳይዘገይ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ።

ደረጃ 4፦ በሕይወት ያለውን የትዳር ጓደኛ ድርሻ አስቀድመው ይለዩ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚስት ወይም ባል በኑዛዜ ካልተሰጣቸው በቀር የሟች ወራሽ አይደሉም። ይህን የሰሙ ልጆች «እናታችን ድርሻ የላትም» ወደሚል ትልቅ ስሕተት ይሄዳሉ። ቤቱ በትዳር ዘመን የተፈራ ከሆነ፣ ካርታው በአባት ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይገመታል፤ ግማሹ ዱሮውንም የእናት ነው። ለውርስ የሚቀርበው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በፊት የተገኘን፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስና በስጦታ የተገኘን ንብረት ግን የግል አድርጎ ያያል።

በቁጥር እንየው። ቤቱ የጋራ ሀብት ነው፣ አባት ሞተዋል፣ እናት አሉ፣ ልጆቹ አራት ናቸው። እናት 1/2 ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ 1/8 ያገኛል። ከዚያ በኋላ እናት ቢሞቱ የእሳቸው ግማሽ ለእሳቸው ልጆች ይከፈላል። ከልጆቹ አንዱ ከሌላ እናት የተወለደ የአባት ልጅ ከሆነ ከዚህ ሁለተኛ ውርስ አይካፈልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ወላጆች ካረፉ ሁለት የወራሽነት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ የድርሻ ስሌቱም ይለያያል። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው ሁለቱን ውርስ አደባልቆ በማስላት ነው።

ሙስሊም ቤተሰቦች፣ ባለጉዳዮቹ ሁሉ ፈቅደው ከተስማሙ፣ ውርሳቸውን በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ማስወሰን ይችላሉ። በዚያ ስሌት የትዳር ጓደኛም ወራሽ ነው፤ ለምሳሌ ልጆች ያሉት ባል ሲሞት ሚስት ከውርሱ 1/8 ታገኛለች። ፈቃድ መስጠት ያለባቸው ሁሉም ናቸው፤ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስምምነቱን ከመስጠትዎ በፊት በሁለቱም መንገድ የእርስዎ ድርሻ ምን እንደሚሆን አስልተው ይረዱ።

ደረጃ 5፦ የወራሽነት ምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት ያውጡ

በአዲስ አበባ የወራሽነት ማረጋገጫ ማመልከቻ የሚቀበለው የአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 996 መሠረት አድርጎ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ሟች ማን እንደሆኑ፣ መቼና የት እንዳረፉ፣ ዋና መኖሪያቸው የት እንደነበረ፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን እና የሁሉንም ወራሾች ሙሉ ስም የሚገልጽ ማመልከቻ ያዘጋጁ። ሁሉም ወራሾች በአንድ ማመልከቻ ቢቀርቡ ይመረጣል።

2. ማመልከቻውን በቃለ መሐላ አስደግፈው፣ ሰነዶቹን አያይዘው ለመዝገብ ቤት ያስገቡ።

3. ቤተሰቡን በቅርብ የሚያውቁ ምስክሮችን በቀጠሮው ቀን ያቅርቡ። የቀድሞ ጎረቤት ወይም የእድር ዳኛ ከሩቅ ዘመድ ይሻላል፤ የልጆቹን ቁጥርና ስም ሳይጠራጠር መናገር የሚችል ሰው ይምረጡ።

4. ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ትእዛዙ ከተሰጠ ጥሪው የወጣበትን ጋዜጣ ዋናውን ያስቀምጡ።

5. ውሳኔው ሲሰጥ እዚያው ቆመው ያንብቡት። የስም ፊደል፣ የአባትና የአያት ስም፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በትክክል መጻፉን ይመልከቱ፤ ስሕተት ካለ እንዲታረም በዚያው መዝገብ ያመልክቱ። በማኅተም የተረጋገጡ በርካታ ግልባጮች ያውጡ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት አንድ ይወስዳልና።

ተቃዋሚ ከቀረበ፦ «እኔም ልጁ ነኝ» ወይም «ቤቱ የእኔም ነው» የሚል ሰው ክርክር ካነሳ ጉዳዩ ከምስክር ወረቀት መስጠት አልፎ ሙግት ይሆናል፤ ሙግቱን የሚያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የመጣ ሰውም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መሠረት መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። ጠበቃ መያዝ የግድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ ሳያልቅ ቤቱን ለመሸጥ አይሞክሩ፤ ቤቱ ላይ እገዳ መውጣቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ መብትዎ በሌላ ሰው ተይዞ ከሆነ ዝም ብለው አይቆዩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ወራሽነትን ለመጠየቅ የሚቀርብ ክስ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት፣ በመርሕ ደረጃም ሟች ካረፉ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል።

ደረጃ 6፦ ወራሾቹ ሁሉ በጽሑፍ ይስማሙ

የወራሽነት ምስክር ወረቀት ወጣ ማለት አንዱ ወራሽ ተነሥቶ መሸጥ ይችላል ማለት አይደለም። ቤቱ ገና ያልተከፈለ የጋራ ሀብት ነው፤ በአንቀጽ 1266 መሠረት የጋራ ሀብትን ለመሸጥ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። አምስት ወንድማማቾች ተስማምተው ስድስተኛዋ እህት ካልፈረመች ሽያጭ የለም።

የስምምነት ሰነዱ እነዚህን ይያዝ፦ ዝቅተኛው የመሸጫ ዋጋ፣ ደላላውን የሚያነጋግረው ሰው፣ የደላላ ክፍያ መጠንና ከማን ድርሻ እንደሚከፈል፣ የቀብርና የፍርድ ቤት ወጪ ላወጣው ሰው የሚመለሰው ገንዘብ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ወራሽ የሚለቅበት ቀን፣ ተከራይ ካለ ኪራዩ የሚገባበት ሒሳብ፣ እንዲሁም የሽያጩ ገንዘብ ለእያንዳንዱ የሚከፈልበት መንገድ። ሽማግሌዎች የተቀመጡበት የቃል ስምምነት ከፍ ያለ ክብር ቢኖረውም በወረቀት ካልሰፈረ የሽያጭ ውሉ በሚፈረምበት የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ አይጠቅምም፤ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይጻፍ፣ እነሱም በምስክርነት ይፈርሙ።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ

ዋሽንግተንም ይሁን ቴል አቪቭ፣ ጅዳም ይሁን ዱባይ፣ ውክልናው የሚሰጠው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ በመፈረም ነው። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መረጋገጥ አለበት። በሚኖርበት አገር የሰነድ አረጋጋጭ ፊት የተፈረመ ከሆነ ደግሞ በዚያ አገር ባለሥልጣንና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማለፉ የግድ ነው።

የውክልናው ቃላት ወሳኝ ናቸው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ አንቀጽ 2205 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ሰነዱ ቤቱን በአድራሻውና በካርታ ቁጥሩ ጠቅሶ፦ ወራሽነት ለማረጋገጥ፣ ስም ለማዛወር፣ ለመሸጥ፣ የሽያጭ ውል ለመፈረም፣ ገንዘብ ለመቀበል፣ ግብር ለመክፈል የሚሉትን ሥልጣኖች አንድ በአንድ ይዘርዝር። ገንዘብ መቀበልን ለተወካዩ መስጠት የማይፈልግ ወራሽ ይህን በግልጽ ጽፎ ክፍያው በራሱ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማዘዝ ይችላል፤ እኔ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ በቤተሰብ መካከል መተማመንን የሚያቆየው ይህ ነው። በፓስፖርቱና በወራሽነት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም መመሳሰሉንም ይመልከቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሟች በሕይወት ሳሉ ለአንዱ ልጅ የሰጡት ውክልና በሞታቸው ተቋርጧል። በዚያ ውክልና ቤቱን መሸጥ፣ ሞቱን ደብቆ እስከ መፈረም ድረስ የሚሄድ ከባድ ጥፋት ነው። ገዢም ቢሆን እንዲህ ባለ ውክልና መግዛት የለበትም።

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወራሽ ካለ

ወላጅ ወይም ሞግዚት የልጁን ድርሻ በራሱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም። ሽያጩ ለልጁ ጥቅም መሆኑን ለፍርድ ቤት አስረድቶ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ የልጁ ድርሻ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሊያዝ ስለሚችል ዋጋውን ያ ገንዘብ በእጅ የሚገባ አስመስላችሁ አታስሉት።

አንዱ ወራሽ እንቢ ካለ፣ ወይም ደብዛው ከጠፋ

እንቢ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ይፈራል። መጀመሪያ ይህን ፍርሃት ይስሙ፦ የቤት መፈለጊያ ጊዜ፣ የሌሎቹን ድርሻ ራሱ የሚገዛበት ዕድል፣ ወይም ከሽያጩ ገንዘብ ቅድሚያ የሚያገኝበት መንገድ ይቅረብለት። ይህ ካልሠራ ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል ለመጠየቅ መብት አለው። ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ እንዲከፈል ያዛል፤ በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ግን በስምምነት ከሚሸጠው ያነሰ ሊያወጣ እንደሚችል ለሁሉም ይነገር። ድርሻዬን ብቻ ለውጭ ሰው እሸጣለሁ የሚል ወራሽ ካለ ሌሎቹ በተመሳሳይ ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ አላቸው፤ ስለዚህ ዋጋውን በጽሑፍ ያሳውቃቸው።

የት እንዳለ የማይታወቅ፣ ወሬው ከተሰማ 2 ዓመት ያለፈው ወራሽ ካለ በአንቀጽ 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። በእሱ ስም ሌላ ሰው እንዲፈርም ማድረግ ግን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው።

ደረጃ 7፦ ዕዳውን አጥርተው ካርታውን በወራሾች ስም ያዙሩ

ከውርሱ ላይ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያ ወጪና የሟች ዕዳ ቅድሚያ ይከፈላሉ። በቤቱ ላይ ደግሞ የሚከተሉትን ያጣሩ፦ ያልተከፈለ የቤትና የቦታ ግብር፣ የሊዝ ዓመታዊ ክፍያ፣ የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ውሃና መብራት። ሟች ቤቱን አስይዘው ብድር ወስደው ከነበረ ባንኩ የዕዳውን ቀሪ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ ዕዳው ሲያልቅ መያዣው ከፋይሉ ላይ መነሣቱን ራስዎ ይከታተሉ። ባንኩ የስረዛ ደብዳቤ ጻፈ ማለት ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል ላይ ተሰረዘ ማለት አይደለም።

ከዚያ የወራሽነት ውሳኔውን፣ ዋናውን ካርታ፣ የግብር ደረሰኞችንና የወራሾችን መታወቂያ ይዘው ለክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት የስም ዝውውር ጥያቄ ያቅርቡ። ባለሙያ ወጥቶ ቦታውን ሊለካ ይችላል፤ በዕለቱ ግቢውን የሚከፍትና ወሰኑን የሚያሳይ ሰው ይኑር። የጎረቤት የወሰን ክርክር ካለ ከልኬታው በፊት በሽማግሌ ይጨርሱት።

ደረጃ 8፦ አሁን ገዢ ይፈልጉ

የሚሸጠው ቤቱና የቦታው የመጠቀም መብት ነው፤ መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት አንድ ነጥብ ይወቁ፦ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ በነባርነቱ እንዲቀጥል፣ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግን አዲሱ ባለመብት በሊዝ እንዲይዝ ይደነግጋል። እናንተ በነባር የያዛችሁት ቤት ለገዢው ሲያልፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ይህን ገዢው በመጨረሻው ቀን ሲሰማ «አልተነገረኝም» ብሎ ዋጋ ይቀንሳል ወይም ይተዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ንግግር ላይ ያስረዱት።

ቀብድ ሲቀበሉ በጽሑፍ ይሁን፤ መጠኑ፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ ውሉ ካልተፈጸመ የሚሆነው ሁሉ ይጻፍ። ቀብዱን የሚቀበለው ሥልጣን ያለው ተወካይ ወይም ሁሉም ወራሾች ናቸው። በገንዘቡ ዕዳ ለመክፈል ወይም የሌላ ቤት ቀብድ ለመስጠት አይቸኩሉ።

በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ጻፉ የሚል ገዢ ወይም ደላላ ቢመጣ እምቢ ይበሉ። ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ከወራሾቹ አንዱ ቀሪውን ገንዘብ ቢክድ ማስረጃ አይኖራችሁም፤ ግብር በመደበቅም ትጠየቃላችሁ። በተለይ የልጅ ድርሻ ባለበት ሽያጭ ይህ የልጁን ገንዘብ መውሰድ ነው።

ደረጃ 9፦ ውሉን ይፈርሙ፣ ግብሩን ይክፈሉ፣ ስሙን ያዛውሩ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ በአዲስ አበባ ይህ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። በሰፈር በሦስት ምስክር የተፈረመ ውል ላይ ብቻ ተመሥርተው ቁልፍ አያስረክቡ። ወደ ቢሮው ሲሄዱ በወራሾች ስም የወጣውን ካርታ፣ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የሁሉም ፈራሚዎች የታደሰ መታወቂያና ፋይዳ ቁጥር፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ እና ውክልናዎቹን ይያዙ። በውርስ ያገኙት ድርሻ የግል ንብረትዎ ቢሆንም ያገቡ ወራሾች የትዳር ጓደኛቸው አብሮ እንዲቀርብ ቢያደርጉ ክርክር ይቀንሳል።

ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ይሁን፣ በተቻለ መጠን ለእያንዳንዱ ወራሽ በድርሻው በቀጥታ ይግባ። ሙሉ ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ከባንኩ ሳያረጋግጡ ዋናውን ካርታ ከእጅዎ አያውጡ።

ግብርን በተመለከተ፦ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ የተጣለው ግብር 15 በመቶ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ስሌቱን ከመፈረምዎ በፊት በገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አሠርተው በጽሑፍ ይውሰዱ። የቴምብር ቀረጥና የስም ዝውውር አገልግሎት ክፍያም አለ። እነዚህን ከሻጭና ከገዢ ማን እንደሚከፍል በውሉ ካልተጻፈ ጠቡ የሚነሣው በካሸሩ መስኮት ፊት ነው። ክፍያው የከተማው ገማች ባወጣው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ሊሰላ ስለሚችል ከውሉ ዋጋ ጋር የማይመሳሰል ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ፤ የግምቱን ዝርዝር ጠይቀው የቤቱ ስፋትና ደረጃ በትክክል መሞላቱን ያጣሩ፣ ከተሳሳተ ሳይከፍሉ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ።

የባለቤትነት መብቱ ለገዢው የሚያልፈው ሽያጩ በመሬት ይዞታ መዝገብ ላይ ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ ወራሾች ወይም ተወካያቸው ስሙ ዞሮ እስኪያልቅ ለሚጠሩበት ፊርማ ዝግጁ ሆነው ይቆዩ፤ ውጭ የሚኖር ወራሽ ውክልናውን ከዚህ በፊት አይሻር። ቤቱን ሲያስረክቡ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባቡን በዕለቱ ጽፈው ከገዢው ጋር ተፈራረሙ። የወላጆችን ፎቶግራፍ፣ የጋብቻ ወረቀትና ሌሎች የቤተሰብ ሰነዶች ከቁልፉ ርክክብ በፊት ከቤቱ አውጡ፤ የወራሽነት ውሳኔውን፣ የሽያጭ ውሉን፣ የግብር ደረሰኞችንና የእያንዳንዱን ወራሽ የክፍያ ማስረጃ ሙሉ ግልባጭ ደግሞ ሁሉም ወራሾች በየቤታቸው ያስቀምጡ።